ለታመመች ጨቅላ ኤሊ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ብርሃን

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ዘመዳችን ከአዋሽ አካባቢ የክብሪት ቀፎ የምታህል ኤሊ ለልጆቼ አመጣላቸው። መልኳ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ፀሐይ እንድታገኝ ብለን በካርቶን አድርገን መስኮት ሥር አስቀመጥናት። ማታ ማታ ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠውን ቀይ አምፖል እናበራላታለን፤ መብራት ሲሄድ ግን ባዶዋን ታድራለች። ከኅዳር ወዲህ መብላት አቆመች፣ ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል፣ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ይታያል። በወጥ ቤት ሚዛን 40 ግራም ሆናለች። ግማሹ ሰው ‹ኤሊ በብርድ ወራት ትተኛለች፣ ተያት› ይለኛል፤ ሌላው ‹አልትራቫዮሌት መብራት ግዢላት› ይላል። የትኛውን መብራት ልግዛ?»

ምላሽ፦

የሚገዛው መብራት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ ሳይመሽ መስተካከል ያለበት ሙቀቱ ነው። አፍንጫ ላይ አረፋ፣ ያበጠና የተከደነ ዓይን፣ ምግብ መተው፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶች ናቸው እንጂ እንቅልፍ አይደሉም። በብርድ ወራት የሚተኙ የኤሊ ዝርያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነሱ ግን ረጅም የብርድ ወቅት ያለባቸው አገሮች ተወላጆች ናቸው። ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት የአዋሽ ኤሊ የቆላ እንስሳ ናት፤ ብርድን ተኝታ የማሳለፍ ተፈጥሮ የላትም። የሚተኙት ዝርያዎች እንኳ ከታመሙ እንዲተኙ አይደረግም። «ተያት» የሚሉዎትን አይስሙ። በዚህ ሁኔታ የተተወች ጨቅላ ኤሊ ሳትነቃ ትቀራለች።

አዋሽ ሰባት ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት አገር ነው። ሰው ብርድ ልብስ ቢደርብ ከራሱ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያቅብለት ይሞቀዋል። ኤሊ ግን ከውስጧ የሚወጣ ሙቀት ስለሌላት በጨርቅ ቢጠቀልሏት ምንም አይረዳትም፤ ክፍሉ 11 ዲግሪ ከሆነ እሷም 11 ዲግሪ ናት። በዚያ ሙቀት ሆዷ አይፈጭም፣ በሽታ የሚከላከለው የሰውነቷ ኃይል ይደክማል። ኤሊ እንደ እኛ ድያፍራም (ሳንባን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ስለሌላት አስላ አክታ ማውጣት አትችልም፤ ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ እዚያው ይቀመጣል። የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ቢወጋት እንኳ መድኃኒቱ በቀዘቀዘ ሰውነት ውስጥ በሚገባው ፍጥነት አይሰራጭም፣ አይወጣምም። ስለዚህ ሙቀት ለእሷ የሕክምናው መጀመሪያ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ መስኮቱ። ፀሐይ ለኤሊ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ትሰጣለች፤ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ዩቪቢ የሚባለው ለዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ዩቪቢ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፣ ያ ቫይታሚን ደግሞ ካልሲየም ከምግብ ወደ አጥንትና ወደ ድንጋይዋ (ጠንካራው ሽፋኗ) እንዲገባ ያደርጋል። የመስኮት መስታወት ሙቀቱን ያሳልፍና ዩቪቢውን ያስቀረዋል። ቀን ሙሉ መስኮት ሥር የዋለች ኤሊ ከዚህ ጨረር የምታገኘው የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ጉዳት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በመስታወት ሥር ያለ ካርቶን 40 ዲግሪ ማለፉ፣ ሌሊት ያው ካርቶን 10 ዲግሪ መድረሱ ነው። ይህን መወዛወዝ ጤነኛ ጨቅላም አትችለውም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቆዳ ላይ በጨረሩ የተጀመረው የቫይታሚን ዲ3 ሥራ የሚጠናቀቀው በሰውነት ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ኤሊ ላይ ምርጡን የዩቪቢ መብራት ቢያበሩ ጥቅሙ ጥቂት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀዩ አምፖል ለጫጩት ተብሎ የተሠራ ነው። ጫጩት ሲሞቃት ሮጣ ትርቃለች፣ ሲበርዳት ትመለሳለች። የደከመች 40 ግራም ኤሊ ግን ከሥሩ መሸሽ አትችልም፤ 175 ወይም 250 ዋት በአንዲት ቦታ ላይ ሲወርድ ጀርባዋን አድርቆ ያቃጥላታል፣ ከካርቶኑ ሌላ ጫፍ ላይ ደግሞ ብርዱ እንዳለ ነው። «ኤሊ ቀይ ብርሃን አይታያትም» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ በደንብ ይታያታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲበራባት እንቅልፍ ያሳጣታል፤ ለታመመ እንስሳ እንቅልፍ ማጣት ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ይህን ያህል የሚግል አምፖል ከካርቶን ጋር መገናኘቱ ነው፤ ቤትዎን ሊያቃጥል ይችላል። ዛሬውኑ ያንሱት።

በእሱ ምትክ የሚያስፈልገው የሴራሚክ ማሞቂያ ይባላል። ቅርጹ እንደ አምፖል ነው፤ በተራው የአምፖል ጥርስ ይገባል፤ ብርሃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ሙቀት ብቻ። ላዩ ሲሠራ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚግል መያዣው ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ይወድቃል። መያዣው የሸክላ ይሁን፤ ገመዱም ሙቀት የሚችል ይሁን። ማሞቂያው በመቆንጠጫ ብቻ አይሰቀል፤ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ከሚገባበት ሳጥን ጣሪያ ይታሰር፣ ዙሪያውን የሽቦ ቅርጫት ይደረግለት። ከኤሊዋ ጀርባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ማሞቂያው የሚሰቀልበት ቤት እንደ ማሞቂያው ሁሉ ወሳኝ ነው። ከላይ ክፍት የሆነ ካርቶን ወይም ሳፋ የሚሞቀውን አየር ሁሉ ወደ ጣሪያ ይለቀዋል። ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮምፖልሳቶ ሳጥን ያሠሩ፤ ከፊት ለፊት የሚከፈት በር ይኑረው፣ ከላይም ክዳን። ከውጭ በኩል ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለጥፉበት። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል፤ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሆኖ ሳጥኑን 29 ላይ ለማቆየት ፎም የሌለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፖልሳቶ ሳጥን ወደ 185 ዋት ሲፈልግ ፎም የለበሰው ወደ 45 ዋት ይበቃዋል። በአየር ማስገቢያው የሚወጣው ሲደመር 60 ይሁን። ፎሙ ከውስጥ አይሁን፤ በማሞቂያው ሙቀት ይቀልጣል፣ በእሳት ይያያዛል፣ ኤሊዋም ትቆረጥመዋለች። ለአየር፣ ከማሞቂያው በተቃራኒ ባለው ጫፍ ከታች በኩል ሦስት አራት ቀዳዳ፣ በማሞቂያው በኩል ከላይ ሦስት አራት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ይበቃል። ሳጥኑ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ።

ከታች የሚያሞቅ ነገር አይጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ምንጣፍም ሆነ የሚሞቅ ድንጋይ አይሆንም። የኤሊ ተፈጥሮ ከላይ የሚመጣ ሙቀት መፈለግና ከመጠን ሲያልፍ ከሥሩ መሸሽ ነው፤ ከሆዷ በታች ያለው ሲያቃጥላት ግን በጊዜ አትሸሽም። ሆዷ ላይ የሚቃጠል ቁስል ደግሞ ከወራት በኋላም በቀላሉ አይድንም።

ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ራሱ ከሚያበራና ከሚያጠፋ መሣሪያ፣ አይበራ። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚገጠመው ባለ 220 ቮልት ዲጂታል ቴርሞስታት ሥራውን ይሠራል፣ ማሽኑን ከሚሠሩና ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። የሚያጠፋበትን 30፣ የሚያበራበትን 29 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመለኪያውን ጫፍ የት እንደሚያስቀምጥ ነው። ጫፉ በቀጥታ ከማሞቂያው ሥር ከሆነ ቶሎ ስለሚሞቅ ሳጥኑ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ከጣሪያው አጠገብ ከተሰቀለም ኤሊዋ ያለችበትን ታችኛውን ብርድ አያይም። በሳጥኑ አጋማሽ፣ ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በኤሊዋ ትከሻ ልክ በግድግዳው ላይ በሽቦ ይታሰር። በማጣበቂያ ወረቀት ብቻ አይያዝ። የመለኪያው ጫፍ ተላቆ ከሳጥኑ ውጭ ከወደቀ ቴርሞስታቱ የክፍሉን ብርድ እየለካ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያበራል፤ ጠዋት የምታገኟት የተቀቀለች ኤሊ ናት። በዚህ ምክንያት ሌላ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለብቻው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ኤሊዋን ከማስገባትዎ በፊት ባዶውን ሳጥን አንድ ሙሉ ሌሊት ፈትኑት ማለት ደንቡ ነው፤ እርስዎ ግን ያን ያህል ጊዜ ስለሌለዎት ሁለት ሰዓት አብርተው፣ ቁጥሩ መርጋቱን አይተው ያስገቧት፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስተው ይመልከቱ።

ስለ ዋቱ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ምሽት ላይ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ አምፖሉ እንደሚደበዝዝ ያውቁታል። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ 100 ዋት የተባለው ማሞቂያ የሚሰጠው 67 ዋት ብቻ ነው፤ ኃይሉ በቮልቱ ስኩዌር ስለሚቀንስ። ብርዱ የሚበረታውና ሁሉም ምጣድ የሚጥደው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ 150 ዋት ይግዙ፤ ትርፉን ቴርሞስታቱ ያጠፋዋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካመጣልዎት ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩ። ለ110 ቮልት የተሠራ 100 ዋት ማሞቂያ በ220 ሲሰካ 400 ዋት ይሆናል። ወዲያው ካልፈነዳ እሳት ያስነሳል።

ቀን ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በአንዱ ጫፍ ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ ነጭ ብርሃን ያለው ሃሎጅን ወይም የድሮው ባለ ክር አምፖል ይብራ፤ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ 34 ወይም 35 ዲግሪ ይድረስ። በአምፖሉ ሥር ቴርሞሜትሩን በኤሊዋ ጀርባ ከፍታ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው ያንብቡ፤ ካለፈ አምፖሉን ከፍ፣ ካነሰ ዝቅ ያድርጉ። በሌላው ጫፍ 28 አካባቢ ይሁን፤ መምረጥ መቻል አለባት። ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም። ማታ ብርሃኑ ሁሉ ይጥፋ፣ ሴራሚኩ ብቻ በጨለማ ይሥራ። ለጤነኛ የዚህ ዝርያ ጨቅላ ሌሊት 25 ወይም 26 ዲግሪ ይበቃል። የታመመችው ግን እስክትድን ሌሊትም ከ28 በታች አትውረድ። የበለጠ ሙቀት የበለጠ ያድናል ማለት አይደለም፤ ሰውነቷ ከ40 ካለፈ ትሞታለች።

ሙቀት ሲጨመር አየሩ ይደርቃል፤ በበጋ የሱሉልታ አየር ራሱ ደረቅ ነው። ጨቅላ ኤሊ በሰውነቷ ውስጥ የምትይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ በአምፖል ሥር ተቀምጣ በሁለት ሦስት ቀን ትደርቃለች፤ የሚያድገው ድንጋይዋም ወደ ላይ እየተቆለለ ቅርጹ ይበላሻል። የሳጥኑ እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ይሁን፤ ማሞቂያው ሥር ሳይሆን መሃል ላይ በሰፊ ሳህን ውሃ ማስቀመጥና አንዱን ጥግ በእርጥብ ፎጣ መሸፈን ያደርሰዋል። እርጥበት የሚጎዳው ከብርድ ጋር ሲሆን ነው፤ ሞቃት እርጥበት ለሳንባዋም ይረዳል። ወለሉ ላይ ለጊዜው ንጹሕ ፎጣ ወይም ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፣ በየቀኑ ይቀየር። ሰጋቱራ አይነጠፍ፤ ብናኙ ዓይኗንና አፍንጫዋን ይደፍነዋል፣ የጽድና የባሕር ዛፍ ከሆነ ሽታው ራሱ መተንፈሻዋን ያቃጥላል።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጧት። የውሃው ሙቀት 33 ወይም 34 ዲግሪ ይሁን፤ በእጅ አይገመትም፣ በቴርሞሜትር ይለካ። ጥልቀቱ የላይኛውና የታችኛው ድንጋይዋ እስከሚጋጠሙበት ድረስ ብቻ ነው፤ ለእሷ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ራሷን ቀና ማድረግ የከበዳት ከሆነ አጠገቧ ሆነው አንገቷን በጣትዎ ይደግፉ፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ትሰምጣለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከፔርሙዝ ጥቂት ጨምረው ያማስሉ፣ ግን በእሷ በኩል አያፍስሱ። በኋላ በደንብ አድርቀው ወዲያው ወደ ሳጥኑ ይመልሷት፤ እርጥብ ሆና በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የምትቆየው አምስት ደቂቃ የለፉበትን ያፈርሰዋል። ዓይኖቿን በዚያው ጊዜ ለብ ባለ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የሚውል ንጹሕ የጨው ውሃ) በራሰ ጥጥ፣ ከውስጥ ጥግ ወደ ውጭ፣ ሳይጫኑ ይጥረጉላቸው። የተጣበቀውን በጥፍር አያላቁ።

አሁን አልትራቫዮሌት። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከፍታና ከምድር ወገብ ባለው ቅርበት የእኩለ ቀን ፀሐይ የጨረር መጠን ከዓለም እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ጨረሩ በነፃ አለ፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ውድ መብራት ለመግዛት ከመሮጥ በፊት፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሞቃ ዓይኗን መክፈትና መንቀሳቀስ ስትጀምር፣ ነፋስ በሌለበትና ፀሐይዋ በበረታችበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ለ15 ደቂቃ ደጅ ያውጧት፤ እያደር ወደ 30 ይድረስ። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አይሁን፤ ጨረሩን ይከለክላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ያቃጥላታል። ሰፊ የእንጨት ሣጥን፣ ግማሹ በጥላ የተሸፈነ፣ ከላይ ሽቦ ያለው ይሁን። ጭልፊትና ቁራ 40 ግራም የሆነችን ነገር ለመንጠቅ ፋታ አይፈልጉም፤ ውሻና ድመትም እንዲሁ። ለስልክ ተብሎ ቤት መግባት ካስፈለገ እሷም አብራ ትግባ።

ቀኑ ዳመና በሆነበት ሰሞን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ መብራቱ ያስፈልጋል። የሚገዛው ለተሳቢ እንስሳት የተሠራ፣ ዩቪቢ የሚሰጥ፣ ቲ5 የሚባል ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው፤ እንደ አርካዲያ 12 ፐርሰንት ወይም ዙ ሜድ ሬፕቲሳን 10.0 ያለው። 24 ዋት፣ 55 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለዚህ ሳጥን ይበቃል። ከጀርባዋ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሚያሞቀው አምፖል ጎን፣ ከላይ ወደ ታች ይሰቀል፤ ከጎን ከሆነ ዓይኗን ይጎዳል። በቱቦውና በእሷ መካከል መስታወትም ፕላስቲክም አይግባ፤ ወንፊት ሽቦ እንኳ ሲሶውን ያህል ይወስዳል። በታይመር ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ቢበራ ይበቃል። ከዓመት በኋላ ቱቦው ለዓይን እንደ አዲስ ሲያበራ ዩቪቢው ግን ተሟጥጦ ስለሚሆን የተገጠመበትን ቀን ጫፉ ላይ ይጻፉና በዓመቱ ይቀይሩ። ሆኖም ዓይኗ ባበጠበት ሰሞን አዲስ ቱቦ አይጀመር፤ በጨረር የሚመጣ የዓይን መቃጠል ከሕመሙ ጋር ተደባልቆ መለየት ያስቸግራል።

«አልትራቫዮሌት» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይህን በጥብቅ እናሳስባለን። ለብር መፈተሻና ለጥፍር ማድረቂያ የሚሆኑት መብራቶች ዩቪኤ የሚባለውን ነው የሚያወጡት፤ ቫይታሚን አይሠሩም። ለውሃ ማጣሪያና ለሕክምና ዕቃ ማምከኛ የሚሆነው ደግሞ ዩቪሲ ነው፤ ጀርም ይገድላል፣ የኤሊዋንም የልጆችዎንም ዓይን ያቃጥላል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎት ያው አይደለም።

መብራት ሲሄድ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ በ60 ዲግሪ ገደማ ውሃ ይሙሉ። የፈላ ውሃ ጠርሙሱን ያጨማድደዋል። በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው በሳጥኑ ሁለት ጎን ያስቀምጡ፣ ቀዳዳዎቹን በከፊል ይሸፍኑ፣ ክዳኑ ላይ ጋቢ ይደርቡ። ፎም የለበሰው ሳጥን ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓታት ይይዛል፤ በየሁለት ሰዓቱ ውሃውን ከፔርሙዝ ይቀይሩ። የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍሉ አይግባ፣ ለአፍታም ቢሆን። ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ በተዘጋ ክፍል የተኛውን ሰውም አይምርም። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዘል እንደሄደ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ።

ሰውነቷ ሳይሞቅ ምግብ በግድ አይስጧት። ቀዝቃዛ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ ሳይፈጭ ይበሰብሳል። ከ48 ሰዓት ሙቀት በኋላ ለስላሳ ሣር፣ ማገጥ፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ከአፍንጫዋ ፊት ያድርጉላት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ ለእሷ ምግብ አይደሉም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት አልመው ቁንጥር ያህል ምግቧ ላይ ይነስንሱ፤ ካልሲየም ከሌለ ዩቪቢው የሚያስገባው ነገር የለም።

ሙቀት ብቻውን ሳንባዋ ውስጥ የገባውን በሽታ ላያጠፋው ይችላል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አንገቷን አርዝማ አየር የምትፈልግ ወይም ስትተነፍስ የምታፏጭ ከሆነ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። እነዚህ ባይታዩም አረፋው ከሦስት ቀን ሙቀት በኋላ ካልቀነሰ እንዲሁ። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ሊደረስበት የሚችል ቦታ ነው፤ ስትሄዱ በፎም ሳጥን፣ የተጠቀለለ የሞቀ ጠርሙስ ከጎኗ አድርጋችሁ።

ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በራስዎ ገዝተው አይስጡ። ለከብት የሚሸጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል፤ «ለትል ነው» ቢሉዎት አይቀበሉ። የዓይን እብጠት አይተው ቫይታሚን ኤ በመርፌ የሚሰጡም አሉ፤ መጠኑ ሲያልፍ ቆዳዋ ይላጣል። ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ኤሊን ለማከም ይውላል፤ ግን ስሌቱን ይመልከቱት። በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ ለ40 ግራም ኤሊ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ይሆናል። መደብር ላይ ያለው ባለ 10 ፐርሰንት ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አለው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከ0.002 እስከ 0.004 ሚሊ ሊትር ነው። የአንድ ሚሊ ሊትር መርፌ ትንሿ መስመር 0.01 ናት። አንድ ጠብታ እንኳ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ይህን በልኩ አቅጥኖ መስጠት የሐኪም ሥራ ነው።

በየቀኑ ጠዋት፣ ከውሃው በፊት፣ በዚያው ሚዛን መዝኑና ጻፉ። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ግራሙ ከ38 በታች ካልወረደ ጥሩ ነው። መዳኗ የሚታየው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ጠዋት አምፖሉ ሲበራ ራሷ ወደ እሱ ትሄዳለች፣ ከዚያ ዓይኗ ይከፈታል፣ ከዚያ ትጠጣለች፣ መብላት የመጨረሻው ነው። አረፋው ከጠፋ በኋላም ሙሉ ሁለት ሳምንት በዚያው ሙቀት ትቆይ፤ የሌሊቱ ሙቀት ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን አንድ ዲግሪ እየተቀነሰ 26 ላይ ይቁም።

ልጆቹ እሷን ወይም ውሃዋን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። የተነከረችበት ሳፋም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ። ይህች ኤሊ የዱር እንስሳ ስለሆነች ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ ስትድን የት እንደምትሄድ የሚወስነው እሱ ነው። እስከዚያው ግን «ነፃ ላውጣት» ብለው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወይም እንጦጦ ጫካ እንዳይለቋት፤ የመጀመሪያውን ሌሊት አታልፍም።